ተስፋ የተጣለባት ወጣት ባዝራ፦ የእሽቅድምድም ዘመኗን እንዴት ማቀድ ይቻላል?

ባዝራዋ ሁለት ዓመቷ ነው። በጁላይ ወር እንግሊዝ አገር ኒውማርኬት ላይ የመጀመሪያ ውድድሯን ሮጣ በሦስት ፈረስ ርዝመት አሸነፈች እንበል። ማታውኑ ስልክ መደወል ይጀምራል። አንዱ "የመጪው ዓመት ሻምፒዮን ናት" ይላል። ሌላው "ዋጋዋ ሳይወርድ አሁኑኑ ሽጧት" ይላል። ሦስተኛው በሚቀጥለው ሳምንት ትልቅ ውድድር ላይ ካልገባች ሞቼ እገኛለሁ ባይ ነው።

ይህ መመሪያ በሽርክና የፈረስ ድርሻ ለገዛ፣ በጋጣ ውስጥ ለሚሠራ ወይም እሽቅድምድም በፍቅር ለሚከታተል ሰው ነው። ምሳሌዬ የእንግሊዝ መሰናክል የሌለው እሽቅድምድም ነው። ለሴት ፈረሶች ተለይተው የተዘጋጁ ውድድሮች ከታች እስከ ላይ በደረጃ የተደረደሩበት አገር ስለሆነ እቅዱን እዚያ ላይ ማሳየት ይቀላል።

ከወንድ ፈረስ እቅድ የሚለየው አንድ ትልቅ ነገር አለ። ወንዶቹ ውድድር ሲያበቁ ለዘር የሚፈለጉት በጣም ጥቂቶቹ ናቸው። ደህና የሮጠች ባዝራ ግን ሁሌም ሁለተኛ ሕይወት አላት፤ እናት ትሆናለች። ስለዚህ እያንዳንዱን ውድድር ስትመርጡ የዛሬውን ሽልማት ብቻ አይደለም የምታስቡት።

1. ከካላንደሩ በፊት እሷን እዩ

በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ቶሮብሬድ የሚባለው የእሽቅድምድም ዘር ፈረስ ሁሉ ልደቱ ጃንዋሪ 1 ነው። በጃንዋሪ የተወለደችውም በሜይ መጨረሻ የተወለደችውም እኩል "ሁለት ዓመት" ተብለው አንድ መስመር ላይ ይቆማሉ። በዚህ ዕድሜ አራት ወር ብዙ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ትክክለኛውን የልደት ቀኗን አውጡ። በሜይ ተወልዳ በጁላይ ካሸነፈች ገና የሚጨመር ጉልበት አላት ማለት ነው፤ ያንን ጉልበት ደግሞ በጥድፊያ ልታጠፉት ትችላላችሁ።

ቀጥሎ እግር። ከጉልበቷ በላይ ያለው አጥንት የሚያድግበት ክፍል ሙሉ በሙሉ የሚደነድነው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ዓመት እስከ ሁለት ዓመት ተኩል ባለው ጊዜ ነው። ጥርጣሬ ካለ የእንስሳት ሐኪሙ ራጅ ያንሳ። የሁለት ዓመት ፈረሶች የተለመደ ችግር ግን የፊት እግር ቅልጥም ሕመም ነው። አጥንቱ ገና ከፍጥነቱ ጋር እየተላመደ ስለሆነ ይቆስላል። ይህን ከማንም በፊት የሚያውቀው በየቀኑ እጁን እግሯ ላይ የሚያሳርፈው ባልደራስ ነው። አሰልጣኙን ስታነጋግሩ "ባልደራሷ ምን አለ?" ብሎ መጠየቅ ያስኬዳል።

ሦስተኛው የምግብ ባልዲው ነው። ፈረስ በውድድር ቀን ክብደት ይቀንሳል፤ አብዛኛው ውኃ ነው። በጥቂት ቀናት ውስጥ መመለስ አለበት። ገብሷንና አጃዋን ትታ ጥግ ላይ የምትቆም ባዝራ ሰዓቷ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ለሚቀጥለው ውድድር አልተዘጋጀችም። ትልልቅ ጋጣዎች ሚዛን አላቸው። የሳምንቱን ክብደቷን በጽሑፍ እንዲልኩላችሁ ጠይቁ።

የእግር ቅርጽ ላይ ግን ብዙ አትፍረዱ። አትራክሽን የምትባለው ባዝራ የፊት እግሮቿ የተጣመሙ ነበሩ። በ2003 በሁለት ዓመቷ አንድም ውድድር አልተሸነፈችም፤ በ2004 ደግሞ ሺህ ጊኒስ የሚባለውን የሦስት ዓመት ባዝራዎች ትልቅ ውድድር የእንግሊዙንም የአየርላንዱንም አሸነፈች። እንደሷ ዓይነቷ በየዓመቱ አይመጣም። ዋናው መልእክት ቅርጹ ሳይሆን ሕመም አለ ወይስ የለም የሚለው እንደሚቀድም ነው።

2. ርቀቷን ፈልጉ

የእንግሊዝ ውድድር የሚለካው በፉርሎንግ ነው። አንድ ፉርሎንግ 201 ሜትር ገደማ ሲሆን ስምንቱ አንድ ማይል ይሆናል። አምስትና ስድስት ፉርሎንግ የአጭር ርቀት ፈጣኖች ቤት ነው። ሰባትና ስምንት መካከለኛው ነው። ከአሥር በላይ ያለው ትንፋሽ ይጠይቃል።

ርቀቷን ለማወቅ ሦስት ምንጮች አሉ። የመጀመሪያው የዘር ሐረግ ነው። ሰው ሁሉ የአባቷን ስም ያነሳል፤ እኔ ግን የእናቷን ወገን አስቀድሜ አያለሁ። እናቷ በምን ርቀት አሸነፈች? በእናት የሚገናኟቸው ወንድሞችና እህቶች ጥሩ የሆኑት በሁለት ዓመታቸው ነው ወይስ በሦስት? ቤተሰቡ በሙሉ በሦስት ዓመቱ የሚነቃ ከሆነ የእናንተዋ በጁላይ ማሸነፏ ትልቅ የምሥራች ነው። ያለ ዕድሜዋ ነው ያሸነፈችው።

ሁለተኛው የጂን ምርመራ ነው። በ2010 የደብሊን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች ማዮስታቲን ከሚባለው ጂን ጋር የተያያዘ ግኝት አሳተሙ፤ የዚህ ጂን ዓይነት ፈረሱ ለአጭር፣ ለመካከለኛ ወይስ ለረጅም ርቀት እንደሚስማማ ይጠቁማል። ይጠቁማል እንጂ ጎበዝ መሆኗን አይነግራችሁም። ሰነፍም የረጅም ርቀት ጂን ሊኖራት ይችላል።

ሦስተኛው፣ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው፣ ጋላቢው ነው። ጆኪው ከኮርቻ ሲወርድ "ጥሩ ናት" ይላል። ለባለቤት ሁሌም የሚባለው ይኸው ነው። ስለዚህ ለይታችሁ ጠይቁ። መነሻ ሳጥኑ ውስጥ ተረጋግታ ነበር? ልጓሟን ስትጎትት ነበር ወይስ ዘና ብላ ሮጠች? ፍጥነት የጨመረችው ሲጠይቃት ነው ወይስ ራሷ ፈልጋ? ከመጨረሻው መስመር ካለፈች በኋላ እሷን ለማቆም ምን ያህል ታገለ? የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ይናገራል። በስድስት ፉርሎንግ አሸንፋ መስመሩን ካለፈች በኋላም መጋለብ የምትፈልግ ባዝራ ሰባት ወይም ስምንት ላይ የተሻለች ልትሆን ትችላለች። መስመሩ ላይ ጨርሳ ወዲያው ወደ ሶምሶማ የምትወርድ ከሆነ ግን ርቀቱን ለማስረዘም አትቸኩሉ።

የሜዳውንም ሁኔታ ጻፉ። ደረቅ ሜዳ ላይ የበረረች ባዝራ ዝናብ ያራሰው ሜዳ ላይ እግሯ ሊከብዳት ይችላል። የእንግሊዝ ኦክቶበር ደግሞ ብዙ ጊዜ እርጥብ ነው።

3. ከመጨረሻው ወደ ኋላ ቁጠሩ

አሁን ካላንደሩን አውጡ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው "ቀጥሎ የት ትሩጥ?" ብሎ መጀመሩ ላይ ነው። ትክክለኛው ጥያቄ "በመጪው ዓመት ሜይና ጁን የት እንድትገኝ እንፈልጋለን?" የሚለው ነው። ከዚያ ወደ ዛሬ ትመለሳላችሁ።

ማይል የሚስማማት ከሆነ ጫፉ ሺህ ጊኒስ ነው። ኒውማርኬት ላይ በሜይ መጀመሪያ የሚካሄድ ሲሆን ከ1814 ጀምሮ ለሦስት ዓመት ባዝራዎች ብቻ ነው። ወደ ኋላ ስትቆጥሩ በኤፕሪል ሁለት መሞከሪያዎች አሉ፦ ኒውማርኬት ላይ ኔል ግዊን፣ ኒውበሪ ላይ ፍሬድ ዳርሊንግ፤ ሁለቱም ሰባት ፉርሎንግ። ከክረምቱ በፊት ደግሞ በኦክቶበር ኒውማርኬት ላይ የሚሮጠው የአንድ ማይሉ ፊሊስ ማይል አለ። በሴፕቴምበር ደግሞ አየርላንድ ኩራ ላይ ሰባት ፉርሎንግ የሆነው ሞይግላር ስተድ ስቴክስ አለ። ማይንዲንግ በ2015 ሁለቱንም አሸንፋ በ2016 ሺህ ጊኒስንና ኦክስን ደገመች።

ትንፋሽ ያላት ከሆነች ጫፉ ኦክስ ነው። ኤፕሰም ላይ አንድ ማይል ከአራት ፉርሎንግ ሲሆን ከ1779 ጀምሮ አለ። መሞከሪያዎቹ በሜይ ናቸው፦ የቼስተሩ ቼሻየር ኦክስ፣ የዮርኩ ሙሲዶራ እና የሊንግፊልዱ። ለእንዲህ ዓይነቷ ባዝራ የሁለት ዓመት ዕድሜዋ ትምህርት ቤት እንጂ መድረክ አይደለም።

ኢነብልን ተመልከቱ። በ2016 የሮጠችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በኖቬምበር መጨረሻ፣ ኒውካስል ላይ፣ ሰው ሠራሽ ሜዳ ላይ። በቀጣዩ ኤፕሪል ኒውበሪ ላይ ሦስተኛ ወጣች። ያኔ ስለሷ ብዙ የሚያወራ አልነበረም። በሜይ ቼሻየር ኦክስን፣ በጁን ኦክስን፣ በጁላይ የአየርላንድ ኦክስንና ወንዶችም የሚሮጡበትን ኪንግ ጆርጅን፣ በኦገስት ዮርክሻየር ኦክስን፣ ኦክቶበር 1 ቀን ደግሞ የፈረንሳዩን ታላቁን የአርክ ደ ትሪዮምፍ ውድድር አሸነፈች። በ2018 በጉልበት ጉዳት ብዙውን ወቅት ተቀምጣ በሴፕቴምበር ተመለሰች፤ በዚያው መኸር አርክን ደግማ አሜሪካ ሄዳ ብሪደርስ ካፕ ተርፍን ጨመረች። በጠቅላላው 19 ጊዜ ሮጣ 15 አሸንፋለች። አሰልጣኟ ጆን ጎስደን በሁለት ዓመቷ ቢያጣድፏት ኖሮ ይህ ሁሉ ይመጣ ነበር? አይመስለኝም።

ፈጣኗ ግን ሌላ ናት። አምስት ፉርሎንግ የሚስማማት ባዝራ ጊዜዋ አሁን ነው። በጁላይ ለጀመረች አምልጧል እንጂ በጁን ሮያል አስኮት በሚባለው የንጉሣውያን የውድድር ሳምንት ላይ ኩዊን ሜሪ አለ፤ በሴፕቴምበር መጨረሻ ኒውማርኬት ላይ የስድስት ፉርሎንጉ ቼቭሊ ፓርክ አለ። ለሦስት ዓመት ፈጣኖች ደግሞ ከ2015 ጀምሮ አስኮት ላይ ኮመንዌልዝ ካፕ ስላለ የግድ ማይል መሞከር የለባትም። በነገራችን ላይ ብዙ ባለቤቶች ወደ ሮያል አስኮት የሚሮጡት ባርኔጣ ለማድረግ ነው ብዬ አስባለሁ። ሄዳችሁ ተዝናኑ፤ ባዝራዋን ግን ለፎቶ ብላችሁ አትውሰዷት።

ጊኒስን፣ ኦክስንና ዶንካስተር ላይ የሚሮጠውን ሴንት ሌጀር ሦስቱንም በአንድ ዓመት ማሸነፍ የሚያልም ካለ፣ ያንን የፈጸመች የመጨረሻዋ ባዝራ ኦ ሶ ሻርፕ ናት፤ ዓመቱም 1985 ነበር። ባለቤቷ የዱባዩ ሼህ መሐመድ ነበሩ። አንድ ጫፍ ምረጡ፤ ይበቃል።

4. ሁለተኛዋን ውድድር በጥንቃቄ ምረጡ

ከመጀመሪያ ድል በኋላ ሦስት መንገዶች አሉ።

አንደኛው ኖቪስ የሚባለው የጀማሪዎች ውድድር ላይ መመለስ ነው። አሸናፊ ስለሆነች ተጨማሪ ክብደት ትሸከማለች፤ ግን ልምድ ታገኛለች። ሁለተኛው ነርሰሪ፣ ማለትም የሁለት ዓመት ፈረሶች ሃንዲካፕ (ክብደት በችሎታ የሚደለደልበት ውድድር) ነው። ለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ውድድር መሮጥ ያስፈልጋል። ከዚያ ባለሥልጣኑ ነጥብ ይሰጣታል፤ ነጥቧ ከፍ ባለ ቁጥር ክብደቷም ይጨምራል። ሦስተኛው ከተራ ውድድሮች በላይ ወዳሉት ደረጃዎች፣ በቀጥታ ወደ ሊስትድ ወይም ግሩፕ 3 መውጣት ነው።

ሦስተኛውን ለመረዳት "ብላክ ታይፕ" የሚባለውን ማወቅ ግድ ነው። በጨረታ ካታሎግ ላይ የፈረሷ ቤተሰብ በሙሉ ይዘረዘራል። ሊስትድ ወይም ግሩፕ ውድድር ያሸነፈች ስሟ በትልልቅ ደማቅ ጥቁር ፊደል ይታተማል። ሁለተኛና ሦስተኛ የወጣችም በደማቅ ጥቁር ይታተማል፤ ፊደሉ ግን ትንሽ ነው። ገዢ ገጹን ሲገልጥ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ደማቁ ፊደል ለሷ ብቻ ሳይሆን ለልጆቿም፣ ለእህቶቿም፣ ለእናቷም ገጽ ይተርፋል።

ስለዚህ የሽልማት ገንዘቡን ብቻ ካያችሁ ትሳሳታላችሁ። ተራ ሃንዲካፕ ማሸነፍ ደስ ይላል። ሊስትድ ላይ ሦስተኛ መውጣት ግን ለባዝራ ብዙ ጊዜ የበለጠ ዋጋ አለው። አንዳንድ አሰልጣኞች ለዚሁ ሲሉ ተፎካካሪ የሚቀንስበትን ፍለጋ ወደ ፈረንሳይ ወይም ጀርመን ይጭኗታል። ነውር የለውም። የትራንስፖርቱን ወጪ ግን አስቀድማችሁ ቁጠሩ።

(ስም ካነሳን አይቀር፦ በእኛ አገር ጌታው በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር፤ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ። እንግሊዝ ደግሞ የፈረስ ስም ከ18 ፊደል እንዳይበልጥ ሕግ አለ፤ በቃላት መካከል ያለው ባዶ ቦታም ይቆጠራል።)

ከወንዶች ጋር ትሩጥ? የሁለትና የሦስት ዓመት ባዝራዎች በግሩፕ ውድድር ከወንዶች ጋር ሲሮጡ አብዛኛውን ጊዜ 3 ፓውንድ ማለትም 1.4 ኪሎ ገደማ ክብደት ይቀነስላቸዋል። ጎበዝ ባዝራ በዚህ ትጠቀማለች። ለሁለተኛ ውድድር ግን የሴቶች ብቻ የሆነውን እመርጣለሁ። ወንዶቹ በዚህ ዕድሜ ይጋፋሉ፤ አንድ መጥፎ ግፊያ በራስ መተማመኗን ሊሰብረው ይችላል።

እንግሊዝ የተወለደች ከሆነች ደግሞ ግሬት ብሪቲሽ ቦነስ ውስጥ መመዝገቧን አረጋግጡ። በ2020 በእንግሊዝ የሚወለዱ ባዝራዎችን ለማበረታታት የተጀመረ ሲሆን ሲጀመር በአንድ ብቁ ውድድር እስከ 20 ሺህ ፓውንድ ይሰጥ ነበር። መጠኑና ደንቡ ስለሚሻሻል የዓመቱን ሰነድ አንብቡ። ምዝገባው ጊዜው ካለፈ ማልቀስ አይጠቅምም።

በሁለት ውድድሮች መካከል ሦስት ወይም አራት ሳምንት ስጡ። አሰልጣኙ "በአሥር ቀን ትደግም" ካለ ምክንያቱን ይናገር። በቂ ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ ብቻ ይናገር።

5. የወረቀት ሥራው

ትልልቆቹ ውድድሮች ምዝገባቸው የሚዘጋው ከሳምንታት፣ አንዳንዶቹም ከወራት በፊት ነው። ክፍያው በየደረጃው ነው፤ በየደረጃው መሰረዝም ይቻላል። ዘግይቶ በልዩ ክፍያ መግባት አለ፤ ዋጋው ግን ያስደነግጣል። ስለዚህ ተስፋ ያላትን ባዝራ በጊዜ አስመዝግቡ፤ ካልሆነች ታወጧታላችሁ። የመጨረሻው ማረጋገጫ ከውድድሩ 48 ሰዓት በፊት ነው። ከዚያ በኋላ ዝናብ ቢዘንብ ለመውጣት ምክንያት ማቅረብ ይጠበቅባችኋል።

በሽርክና ከሆናችሁ ማን እንደሚወስን በጽሑፍ ይስፈር። አሥር ባለድርሻ አሥር አሰልጣኝ ሲሆን ባዝራዋ ናት የምትጎዳው። ሂሳቡ ላይም የሐኪም፣ የጫማ፣ የትራንስፖርትና የጆኪ ክፍያ ከወርሃዊው ዋጋ ውስጥ መካተት አለመካተታቸውን ጠይቁ።

6. ክረምቱ

ቢበዛ በኦክቶበር አጋማሽ አቁሟት። እንደ ኢነብል ዘግይታ የምትጀምር ከሆነች ነገሩ ይለያል። ከባድ ልምምድ ቀርቶ ወደ ቀላል ሶምሶማና የመስክ ግጦሽ ትወርዳለች። ክብደት ትጨምር፤ ትደግ። ብዙዎቹ በዚህ ወቅት ቁመትም ይጨምራሉ።

ሌላ አማራጭ ዱባይ ነው። ሜይዳን ላይ በክረምቱ የኤምሬትስ ሺህ ጊኒስ አለ፤ 1600 ሜትር ሲሆን ሣር ላይ ሳይሆን አሸዋማ ትራክ ላይ ነው። ቀጥሎ 1900 ሜትር የሆነው ኦክሳቸው ይመጣል። ዱባይ የምትኖሩ ሄዳችሁ ማየት ትችላላችሁ፤ ውርርድ ለረጅም ጊዜ በሕግ ተከልክሎ ስለኖረ ሰው የሚመጣው ለፈረሱ ነው። ለእንግሊዝ ሺህ ጊኒስ የታሰበች ባዝራን ግን ወደዚያ አልልክም። አሸዋው ሲመታት ፊቷን የምታዞር ብዙ ናት፤ ጉዞውም የዕረፍት ጊዜዋን ይበላል። እናቷና አባቷ በአሸዋ ትራክ የተመሰከረላቸው ከሆኑ ብቻ አስቡበት።

7. ጸደይ ሲመጣና ጠባይዋ ሲቀየር

ይህን ብዙ መመሪያ ይዘለዋል። ባዝራ ድንጉላ የምትፈልግበት ጊዜ ከቀኑ ርዝመት ጋር የተያያዘ ነው። ቀኑ ሲረዝም፣ ማለትም ልክ ለጊኒስ መሞከሪያዎች ስትዘጋጅ ዑደቱ ይጀምራል፤ በየሦስት ሳምንቱ ገደማም ይመለሳል። አንዷ ምንም አይታይባትም። ሌላዋ ትቆጣለች፣ ኮርቻ ሲጫን ትራገጣለች፣ ልምምድ ላይ ትለግማለች። አሰልጣኙ "ሰነፈች" ሲል ዑደቱ ሊሆን ይችላል።

ከፌብሩዋሪ ጀምሮ ባልደራሱ ማስታወሻ ይያዝ። ቀኑን፣ ምግቧን፣ ጠባይዋን ይጻፍ። ሁለት ሦስት ዑደት ከተመዘገበ በኋላ ትልቁ ውድድር የት ላይ እንደሚወድቅ ታያላችሁ። መድኃኒት ከተፈለገ ሐኪሙ ብቻ ይወስን፤ ከውድድር በፊት መድኃኒት የማይሰጥባቸው የክልከላ ቀኖች አሉና።

ኤፕሪል ላይ በመሞከሪያው ብትሸነፍ አትደንግጡ። ያሸነፋት ማን እንደሆነ፣ በመጨረሻው ፉርሎንግ እየቀረበች ነበር ወይስ እየራቀች፣ ያንን እዩ። እየቀረበች ከነበረ ርቀቱ አጥሯታል፤ ከጊኒስ ይልቅ ኦክስን አስቡ። እየራቀች ከነበረ ወደ ስድስት ፉርሎንግ ውረዱ። እቅዱን በዚህ ቀን ለመቀየር የማይደፍር ባለቤት በጁን ይቆጨዋል።

8. የሦስት ዓመቱ መጨረሻ፦ ትቀጥል ወይስ ትራባ?

ውሳኔው ከኦክቶበር በፊት መደረግ አለበት። ምክንያቱ ቀላል ነው። ትልቁ የእናቶች ጨረታ፣ ኒውማርኬት ላይ የሚካሄደው የታተርሶልስ የዲሴምበር ሽያጭ፣ ካታሎጉ ከሽያጩ ብዙ ቀድሞ ይዘጋል።

መሸጥ የሚያዋጣው ብላክ ታይፕ ካገኘችና እግሯ የደከመ ምልክት ካሳየ ነው። ጤናማ ከሆነችና በመኸሩ እያሻሻለች ከጨረሰች ግን በአራት ዓመቷ ትሩጥ ባይ ነኝ። ለትልልቅ ባዝራዎች የሚሆን መድረክ አለ፦ ጉድዉድ ላይ ናሶ ስቴክስ፣ ኦክቶበር ላይ በአስኮት የሚካሄደው የብሪቲሽ ቻምፒየንስ የባዝራዎች ውድድር። ዊጃ ቦርድ በ2004 ኦክስን ካሸነፈች በኋላ እስከ 2006 ሮጠች። ከዚያ እናት ሆና አውስትራሊያ የሚባለውን ፈረስ ወለደች፤ እሱ ደግሞ በ2014 የኤፕሰም ደርቢን አሸነፈ። ረጅም መሮጧ ለእናትነቷ አልጎዳትም።

ለመራባት ከወሰናችሁ የማዳቀያው ወቅት ከፌብሩዋሪ አጋማሽ ጀምሮ ነው። እርግዝናው አሥራ አንድ ወር ገደማ ስለሆነ ከዚያ ቀድማ ብታረግዝ ውርንጭላዋ ከጃንዋሪ 1 በፊት ተወልዳ በቀናት ዕድሜዋ "አንድ ዓመት" ትባላለች። በኦክቶበር ውድድር ያቆመች ባዝራ የልምምድ ምግቧ ቀስ በቀስ ይቀነስ፤ በመስክ ትክረም። ጃንዋሪ ላይ ማሕፀኗ በሐኪም ይመርመር፤ የድንጉላው ቀጠሮ የሚያዘው የምርመራው ውጤት ከታየ በኋላ ነው።